ቅቤውን ሰጥቼ ውሃውን ሰሰትኩ

ይህን ከመጻፌ በፊት ለልጁ እናት ነግሬያታለሁ። ከእሷ በፊት ማንም ሊሰማው አይገባም ነበር። ልጇ የተቃጠለው በእኔ እጅ ሳለ ነው። መቃጠሉን አልደበቅኳትም፤ የደበቅኳት ከተቃጠለ በኋላ ያደረግሁትን ነው።

ጊዜው የጦርነቱ ዘመን፣ 2014 ዓ.ም በጋ ነው። መቀሌ ላይ ባንክ ዝግ ነው፣ ስልክ አይሠራም፣ ነዳጅ የለም። መብራት ሲጠፋ የጉድጓድ ውሃ መሳቢያው ይቆማል፤ ነዳጅ ሲጠፋ ደግሞ ቦቴ አይመጣም። ሰው ጀሪካኑን ደርድሮ በሌሊት ወረፋ ይይዛል። ፊት የታጠብንበት ውሃ ልብስ ይዘፈዘፍበታል፤ ልብስ የታጠበበት ሽንት ቤት ይደፋል። ጎረቤቴና እኔ አንድ ግቢ ነን። የዚያን ቀን ሌሊት አብረን ተሰልፈን ቀድተን፣ ጀሪካኖቹን እኔ ቤት ግድግዳው ሥር አስጠጋናቸው። ጠዋት እሷ ዱቄት ፍለጋ ስትወጣ የሦስት ዓመት ልጇን ለእኔ ትታ ሄደች።

ፈርኔሎው ላይ ሻይ ጥጄ ነበር። ቡና ከቤታችን ከጠፋ ሰነባብቶ ነበር። ልጁ ከኋላዬ እየሮጠ መጥቶ ፈርኔሎውን ሲመታው በራዱ ተገለበጠና የፈላው ሁሉ ቀኝ ክንዱ ላይ ፈሰሰ። ሹራብ ለብሶ ነበር፤ ሱፍ ደግሞ የፈላ ውሃ ምጥጥ አድርጎ ይይዛል። በድንጋጤ ስቤ ሳወልቅለት፣ ክርኑ መታጠፊያ ላይ የተጣበቀው ቆዳ አብሮ ተላጠ። የተጣበቀውን በመቀስ ዙሪያውን ቆርጦ መተው ነበር እንጂ አይጎተትም።

ጀሪካኖቹ አጠገቤ ነበሩ። አይቻቸዋለሁ። ደሴ ሳድግ ቃጠሎ ላይ ውሃ ካፈሰሱበት ይቋጥራል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለራሴም ስንት ጊዜ ይህን ምክንያት ሰጥቻለሁ። ግን እውነቱ እሱ አይደለም። እውነቱ ውሃው አሳሳኝ። በማግስቱ ምን እንጠጣለን ብዬ አሰብኩ፤ ክንዱ እየተቃጠለ ሳለ ይህን አሰብኩ። ከዚያ ቅቤ አወጣሁ። በዚያ ዓመት ቅቤ ምን ማለት እንደ ነበር መቀሌ የከረመ ያውቀዋል። ለበዓል ብዬ በብልቃጥ ያኖርኩትን አሟጥጬ ክንዱን ቀባሁት። ያለኝን ውድ ነገር የሰጠሁት መስሎኝ ነበር።

ቅቤው ሙቀቱን አፍኖ ያዘው። ቃጠሎ እሳቱ ስለተነሳ ብቻ አይቆምም፤ ቆዳ ውስጥ የገባው ሙቀት ወደ ታች እየዘለቀ ማቃጠሉን ይቀጥላል። የሚያቆመው ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ለ20 ደቂቃ ሳይቋረጥ የሚፈስ። በረዶ ግን አይሆንም፣ የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል። ውሃው ወዲያው ባይደርስ እንኳ ከተቃጠለ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ጥቅም አለው። ይህን ያወቅሁ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጁን አዝዬ ጋሪ ስፈልግ፣ ጋሪው ላይ ሆነንም፣ ሆስፒታል በር ላይ ወረፋ ስንጠብቅም ጊዜው ገና አላለፈም ነበር ማለት ነው።

በዚያ ዓመት የአይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ቁስል በጨው ውሃ እንደሚያጥቡ፣ ጋዝና ጓንት እንዳለቀባቸው ለዓለም ይናገሩ ነበር። እኛ የደረስንበትም ከዚያ የተሻለ ነገር አልነበረውም። ነርሷ የቃጠሎውን ጥልቀት ለማየት ቅቤውን መጥረግ ነበረባት፤ ማስታገሻ የለም። ልጁ በራዱ ሲገለበጥበት ካለቀሰው ይልቅ ቅቤው ሲጠረግለት ያለቀሰው ይብስ ነበር። እናቱ የደረሰችው ያኔ ነው። ነርሷ ቀና ብላ «ውሃ አፍስሳችሁበታል?» ስትል ጠየቀች። እናቱ አየችኝ። «አዎ፣ ብዙ» አልኩ። ነርሷም ካርዱ ላይ ጻፈችው።

ክንዱ ዳነ፤ ግን ጠባሳው ክርኑ ላይ ተኮማትሮ ስለያዘው ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ውሃ ቢፈስበት ኖሮ ምን ያህሉ ይተርፍ ነበር ብዬ የጠየቅኳቸው ሐኪሞች በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም ይሉኛል። ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ ግን ያልተሞከረ ነገር ምን ያህል ይጠቅም እንደ ነበር እንዳይታወቅ ያደረግሁት ራሴ ስለሆንኩ መጽናናት አልቻልኩም።

ዘንድሮ ነገርኳት። ሽሮ እየነፋች ነበር፤ ወንፊቱን አላስቀመጠችም። «አውቃለሁ» አለችኝ። «ያን ቀን ስመለስ ጀሪካኖቹ እንደ ሞሉ ነበሩ።» ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽ ስላት፣ «ያኔ አንቺን ብጣላ ከማን ጋር ልኖር ነበር?» አለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እኔም እንድትለኝ አልጠየቅኋትም።

አሁን ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ይህንኑ አነሳለሁ፤ የሰለቻቸውም አሉ። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። በጣሳ ቀስ ተብሎ ቢወርድ በደቂቃ አንድ ሊትር፣ ማለትም ድፍን 20 ደቂቃ ነው። ሥሩ ሳፋ ይቀመጥ፤ የተጠራቀመው ለሽንት ቤት ይሆናል፤ ስለዚህ የሚባክን ነገር የለም። ያን ጠዋት ይህን ሒሳብ ብሠራው ኖሮ የምሰጋው ነገር አልነበረም። ልጅ ከሆነ የቀረው ሰውነቱ በጋቢ ይሸፈን፣ እንዳይበርደው። አምባርና ቀለበት ሳያብጥ ይውለቅ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በንጹሕ ላስቲክ ላላ አድርጎ መሸፈን ነው፤ ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ ዱቄትም፣ እንቁላልም አይነካውም። የቋጠረውን ማፍረጥ አያስፈልግም። ከተቃጠለው ሰው መዳፍ የሰፋ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ ብልትና መገጣጠሚያ ላይ ያረፈ፣ ወይም የኤሌክትሪክ ከሆነ ትንሽ ቢመስልም ሐኪም ይየው። ለሚደማ ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብሎ መያዝ ነው፤ የቡና ዱቄት መነስነሱን እንተወው፤ ከቆሻሻ ነገር የመጣ ከሆነ ደግሞ የቴታነስ ክትባት መጠየቅ።

ለምን እንዲህ እንደምወተውት የዚህ ከተማ ሰው ይገባዋል። ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም የቶጎጋ ገበያ ከአየር ሲደበደብ ከመቀሌ የወጡ አምቡላንሶች መንገድ ላይ ተከልክለው ተመልሰዋል። ያኔ ቁስለኛው ያለው አጠገቡ ያለ ሰው ብቻ ነው። እኔም ለዚያ ልጅ አጠገቡ ያለሁት ሰው ነበርኩ።

አንዲት ጎረቤታችን፣ በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ «ውሃው ካለቀስ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ዛሬም በየሰፈሩ ቧንቧው ሲደርቅ ይከርማል። ንጹሕ ጨርቅ እያረጠቡ፣ ሲሞቅ እየቀያየሩ ማስቀመጥ፣ ያም ሲያልቅ የሰው በር ማንኳኳት ነው አልኳቸው። ውሃ ለተቃጠለ ልጅ ሲባል በዚያ በክፉውም ጊዜ የሚከለክለኝ ጎረቤት አልነበረም። እኔ ግን አልጠየቅሁም።

ጠባሳውን የሚያላቅቅ ቀዶ ሕክምና እንዳለ ሐኪሞች ነግረውናል። ለጉዞውና ለሕክምናው እሷም እኔም እያጠራቀምን ነው። ልጁ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል፤ እጁ ለምን እንደማይዘረጋ መጠየቅ ጀምሯል። እናቱ «እኔ አልነግረውም፣ አንቺው ትነግሪዋለሽ» ብላኛለች። እነግረዋለሁ።