አክሲዮን እቁብ አይደለም



ስምንት ጓደኛሞች ነን፤ አምስታችን የእንጅባራ፣ ሦስታችን የዳንግላ ነዋሪዎች። ልብስ ሰፊ አለን፣ ጨርቅ ነጋዴ አለን፣ መምህር፣ ነርስ፣ ባለ ወፍጮ ቤትና የከሰል ነጋዴም አሉን። ከመስከረም 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በየወሩ 500 ብር እያዋጣን በጋራ አክሲዮን እንገዛለን። ነገሩ ትንሽ ነው። ሆኖም «እኛም አስበናልና እንዴት እንደምትሠሩ ንገሩን» የሚሉን ወንድሞችና እህቶች ስለበዙ የደረስንበትን ልናካፍላችሁ ወደድን። የትኛውን አክሲዮን እንደምትገዙ ግን አንነግራችሁም፤ ለዚያ ከእኛ የሚሻል አዋቂ አይጠፋም። የምንነግራችሁ አንድ ሰው ከመካከላችን ሲወጣ ስለሚሆነው ነው፤ ከሁሉ የከበደን እርሱ ነበርና።

መነሻችን ይህ ነበር። በአካባቢያችን ወለድ የማይፈልግ ሙስሊም ነጋዴ ትርፉን በሬ ይገዛበታል፣ ቤት ይሠራበታል፣ አለዚያም ዕቃ ያበዛበታል። በ2011 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ማቋቋም ሲፈቀድና ዘምዘም ባንክ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ሂጅራም ሲከተለው፣ «ገንዘብ ማስቀመጥ ብቻ ለምን፣ ባለቤትስ ብንሆን?» የሚል ወሬ በየሱቁ ተነሣ። ለብቻው ለመግዛት አቅሙ የማይፈቅድለት ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ተሰባሰብንና ከዚህ ዓይነት ባንኮች የአንዱን አክሲዮን መግዛት ጀመርን።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ አለ። በንግድ ሕጋችን አንድ አክሲዮን አይከፋፈልም፤ በጋራ የያዙት ሰዎች በማኅበሩ ፊት የሚቀርብላቸው አንድ ወኪል መሰየም ይኖርባቸዋል። እኛም አክሲዮኑን በሁለት ሰዎች ስም አስመዝግበን ከሁለቱ አንዱን ወከልን፤ ከዚያም ንብረቱ የስምንታችንም እንደሆነ የሚገልጽ ውል ጽፈን በውልና ማስረጃ አጸደቅነው። «በጓደኞች መካከል ይህ ሁሉ ወረቀት ምን ይሠራል?» ያለን ሰው ነበር። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ስሙ የተመዘገበው ሰው ዛሬ ቢሞት ልጆቹ የአባታችን ነው ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? በቁርኣን ውስጥ ከሁሉ ረጅሙ አንቀጽ፣ በአል-በቀራህ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር የሚናገር መሆኑን ያስታውሷል። ከማናውቀው ሰው ደግሞ አንዲት ብር አንቀበልም። የሕዝብን ገንዘብ ሰብስቦ ማስተዳደር ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ ሥራ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሁላችንም እቁብ ስንጥል ያደግን ነን። እቁብ መልካም ነገር ነው፤ የጣልኸውን ያህል ታወጣለህ፣ ትርፍም ኪሳራም የለበትም፣ ጸሐፊው ካልካደ በቀር የሚያጣላ የለም። ችግሩ ይህንኑ ልብ ይዞ ወደ አክሲዮን መግባት ነው። ሰው 500 ብሩን ለገንዘብ ያዣችን ሲያስረክብ እጁ የሚያውቀው እቁብን ነው፤ የጣልሁት አለ ብሎ ያስባል። በአክሲዮን ግን ያለህ የጣልኸው ገንዘብ አይደለም፤ ገንዘብህ የገዛው ንብረት ነው። ንብረቱ ዛሬ ስንት ያወጣል የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ደግሞ አንዱ «ልውጣ» ባለ ቀን ነው።

ያ ቀን በጥር 2016 ዓ.ም. መጣ። የከሰል ነጋዴው ወንድማችን ነበር። ዲከረንስ የምንለው፣ ዘሩ ከአውስትራሊያ የሆነው ግራር፣ በዞናችን በተለይም በፋግታ ለኮማ ለብዙ ገበሬ እንደ ባንክ ደብተር ነበር፤ ተተክሎ በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆረጣል፣ ከስሎም እስከ አዲስ አበባ ይጫናል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በገባበት በሽታ የወንድማችን ዛፎችም ደረቁ። በዚያ ላይ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ፣ ያለውም ከሰል ሳይጫን ተቀመጠ። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ያለው አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሞባይል ኢንተርኔት ስለተቋረጠ ግን የዳንግላዎቹን የምናገኘው መስመሩ በያዘልን ጊዜ በስልክ ብቻ ነበር። ወንድማችን አንገቱን ደፍቶ «ገንዘቤን ስጡኝና ልውጣ» አለን።

ሂሳቡን ዘረጋን። በሃያ ዘጠኝ ወር እያንዳንዳችን 14,500 ብር፣ በድምሩ 116,000 ብር አዋጥተናል። በዚህም ባለ 1,000 ብር አክሲዮን 100 ገዝተን በላዩ የአገልግሎት ክፍያ 5,000 ብር ከፍለናል፤ 11,000 ብር በእጃችን አለ። አክሲዮኑ በተጻፈበት ዋጋ ቢቆጠር ንብረታችን 111,000 ብር ስለሚሆን የአንድ ሰው ድርሻ 13,875 ብር ይሆናል። ካዋጣው በ625 ብር ያንሳል ማለት ነው። ክርክሩ ሁሉ የተነሣው በዚህች 625 ብር ነው።

ልብስ ሰፊው «የጣለውን አጉድለን ለተቸገረ ወንድም? አይሆንም! 14,500 ይሰጠው» አለ። ሁላችንም ሆዳችን ከእርሱ ጋር ነበር። ሆኖም ሰውየው የጣለውን ማግኘቱን እኛ ዋስ ከሆንንለት ሽርክናው ቀርቶ ብድር ይሆናል። ብድር ከሆነ ደግሞ በደጉ ዓመት የሚያገኘው ትርፍ ምን ሊባል ነው? አራጣን ሸሽተን የመጣን ሰዎች በጓሮ በር ልንገባበት ነው። በሽርክና ትርፉም ኪሳራውም የጋራ ነው፤ አንዱ ሸሪክ ለሌላው ዋና ገንዘቡን አይዋስለትም። መምህሩ በሌላ በኩል መጣ፦ «ዛሬ አዲስ ሰው ከባንኩ ሲገዛ አገልግሎቱን ጨምሮ 1,050 ይከፍላል፤ ስለዚህ አክሲዮኑ 1,050 ያወጣል» አለ። በዚህ ስሌት ድርሻው ልክ 14,500 ይሆናል። ነጋዴው ግን «እሱ የምትገዛበት ነው እንጂ የምትሸጥበት አይደለም፤ እኔ ጨርቅ በምገዛበት ዋጋ የሚገዛኝ ማን ነው?» ሲል መለሰ። ነገሩ ሲጋል ሁለቱ ወደ አዊኛ ገቡ፤ እንዲህ ሲሆን ሻይ ይጠራል።

መዝገባችን «የሚወጣ ሰው በሚወጣበት ቀን በሚያወጣው ዋጋ ይሸኛል» ይላል። ቀኑ ስንት ያወጣል? በዚያን ጊዜ በአገራችን የአክሲዮን ገበያ አልነበረም። እንግዲያው ገዢ ራሳችን እንፈልግ ተባለ። ለሁለት ሳምንት በሁለቱም ከተሞች ለምናውቃቸው ሰዎች ጠየቅን። አንዱ በእጄ ብር አለኝ በማለት 950 አለ፤ ሌላው 1,000 ሰጠ፤ ከዚያ በላይ ያለ አልተገኘም። ወንድማችን ራሱ «በቃ፣ 1,000 ነው» አለ። ለውጭ ሰው ከመሸጥ ሰባታችን በዚያው ዋጋ ብንገዛው ስለተሻለ በእጅ ያለውን 11,000 ብር ሰጥተን ቀሪውን 2,875 ከየኪሳችን አዋጣን። ተፈራረምን።

በማግስቱ ከመካከላችን አንዱ 625 ብር በፖስታ አሽጎ በልጁ እጅ ላከለት። ይህ ከማኅበሩ ሳይሆን ከግል ኪስ ስለሆነ ማንም አልከለከለውም። ፖስታው እንደታሸገ ተመለሰ። ልጁ «ሒሳባችን አልቋል፤ ለቡና ከሆነ ራሱ ይምጣ ብሏል» አለ። ሄደም፣ ጠጡም።

ከዚያ ወዲህ የአገሩ ነገር ተለውጧል። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን፣ ማለትም በ9,900 ብር በቴሌብር ለሕዝብ ሲሸጥ እኛም ተከራከርን። ክርክሩ በብር ጉዳይ አልነበረም፤ ሥራው ሐላል የሆነ ነገር ግን በወለድ የሚበደር ድርጅት አክሲዮን ይያዛል ወይ የሚለው ነበር። የጂዳው የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረቱ አለመፈቀዱ ነው ብሏል፤ መቀመጫው ባሕሬን የሆነው የእስላማዊ ፋይናንስ የሂሳብ አያያዝ ድርጅት ግን የወለድ ብድሩ ከ30 በመቶ፣ ያልተፈቀደ ገቢው ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ወሰን አበጅቶ ፈቅዷል፤ ያቺም ገቢ ተለይታ ትወጣለች። ሦስታችን ከጂዳው፣ አራታችን ከባሕሬኑ ሆንን። በአብላጫ ድምፅ የወንድምን ሃይማኖት አንገፋም በማለት በጋራ አልገዛንም፤ ሁለታችን በግላችን ገዛን። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ፤ በመጀመሪያ ወጋገን ባንክ፣ ቀጥሎም ገዳ ባንክ ተመዘገቡ። የእኛን ዓይነት አክሲዮን ዋጋ በቤት ለቤት ጥያቄ መፈለግ የሚቀርበት ቀን ይመጣል፣ ኢንሻአላህ። እስከዚያው ግን እንዞራለን።

ባለፈው ወር የዚያ የከሰል ነጋዴ ባለቤት መጣች። በርበሬና ቅመም ትነግዳለች። በባሏ ቦታ ሳይሆን በራሷ ገንዘብና በራሷ ስም መግባት እንደምትፈልግ ነገረችን። «የእሱን 625 አትጨምሩልኝም፣ አትቀንሱልኝምም» ብላ ሳቀች። በስንት ትግባ የሚለውን በሚቀጥለው ወር ዳንግላ ላይ እንነጋገርበታለን፤ ዋጋ መጠየቁን ግን ከአሁኑ ጀምረነዋል።