የሰረዝኳቸው ኮለሞች

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼም ጭምር፣ የከዋክብት ዝርዝር ፋይል እንድልክለት የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ በደንብ ልጻፈውና ልገላገል። በዚያው ያጠፋሁት ጥፋት አለ፤ እሱንም ልናገር።

ነገሩ የጀመረው በቡና ነው። የምንጠጣውን አይደለም፣ ኮከቧን። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ለአንድ አንድ ኮከብና ፕላኔት ስም እንዲያወጡ ዕድል ሲሰጥ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰችው ኮከብ ቡና፣ በዙሪያዋ የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ አቦል ተባሉ። (ቶናና በረካ ገና አልተገኙም።) አቦል ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የሚከብድ፣ አንድ ዙር ለመጨረስ ወደ 1000 ቀን የሚፈጅበት ግዙፍ ነው። ይኼን ጌዴኦ ውስጥ፣ የብዙው ተማሪ ቤተሰብ በቡና በሚተዳደርበት ክፍል ገብታችሁ ስትናገሩ ዝም ብሎ የሚሰማችሁ የለም። «ቲቸር፣ የት ነው ያለችው? ዛሬ ማታ ትታያለች?» ነው ወዲያው።

በባዶ ዓይን አትታይም። ድምቀቷ 7.3 ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድምቀቱ ይቀንሳል፣ ዓይናችን ደግሞ ጨለማ ቦታም ሆኖ 6 አካባቢ ላይ ያቆማል። ስም ያገኘችው በቅርቡ ይሁን እንጂ መዝገብ ላይ ከሰፈረች መቶ ዓመት አልፏታል፤ ኤችዲ 16175 ትባላለች። ኤችዲ የሄንሪ ድሬፐር ካታሎግ ነው። ሃርቫርድ ውስጥ አኒ ጃምፕ ካነን የምትባል ሴት 225,300 ኮከቦችን በብርሃናቸው ዓይነት አንድ በአንድ መድባ ከ1918 እስከ 1924 በጥራዝ በጥራዝ ታተመ። ከዚያ በኋላ የመጡት በሳተላይት የተሠሩ ናቸው። ሂፓርኮስ 118,218 ኮከብ፣ ታይኮ 2 ወደ 2.5 ሚሊዮን፣ ጋይያ ደግሞ በ2022 በወጣው መዝገቧ ወደ 1.8 ቢሊዮን። ሁሉም በነፃ የተለቀቁ ናቸው። ማንም አይከለክላችሁም፤ የሚከለክላችሁ ኔትወርኩ ነው።

መዝገብ ማለት ግን የግድ ፋይል አይደለም። ከእኛ ወደ ደቡብ፣ ቦረና ውስጥ አያንቱ የሚባሉት ቀን ቆጣሪዎች ጨረቃን ከጥቂት የታወቁ ኮከቦች ጋር እያስተያዩ ወርና ቀን ይለያሉ። አስመሮም ለገሠ በ1973 ባሳተሙት የገዳ መጽሐፍ ጽፈውታል። ያ ሁሉ የሚተላለፈው ከሽማግሌ ወደ ወጣት በቃል ነው። ፍላሽ የለ፣ ቫይረስ የለ።

እኔ በሌሊት ፓኬጅ ነው ያወረድኩት። መጀመሪያ ስቴላሪየምን፣ እሱ ሲጫን ብቻውን ከ600,000 በላይ ኮከብ ይዞ ይመጣል። ቀጥሎ ኤችዋይጂ የሚባለውን፣ ወደ 120,000 ኮከብ ያለበትን ሰንጠረዥ። ታይኮ 2ን በኤክሴል ልክፈት ብዬ ላፕቶፔ ቀጥ አለ፤ ለካ ኤክሴል ከ1,048,576 መስመር በላይ አይቀበልም። ለሦስት ቆራረጥኩት።

ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው። ለክበቡ ልጆች ላካፍል ሳስብ «ይኼ ሁሉ ምን ያደርግላቸዋል?» አልኩ። በአቅጣጫ እንዳልቀንስ፣ ዲላ ከምድር ወገብ 6 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ስለሆነች ትልቁ ድብም የደቡብ መስቀልም ይታየናል፤ ሰማዩ ሙሉውን ማለት ይቻላል የእኛ ነው። ስለዚህ በድምቀት ቀነስኩ። ከዚያ ኤክሴሉ ላይ ያልገቡኝን ኮለሞች በሙሉ መረጥኩና ዲሊት አልኩ። የቀረው ስም፣ አቀማመጥ፣ ድምቀት። አሳምሬ፣ አራት ገጽ አድርጌ ፕሪንት አድርጌ አደልኩ። በሥራዬም ኮራሁ፣ ምን ልዋሻችሁ።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አለች። ቤታቸው ከወናጎ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ታኅሣሥ ላይ አባቷ ጀንፈሉን አልጋ ላይ አስጥተው ሌሊት ሲጠብቁ እሷም ታመሻለች። ያንን ወረቀት ይዛ በሞባይል መብራት እያየች ከዋክብቱን ስትለይ ከረመች። አንድ ሰኞ ጠዋት ደብተሯን ይዛ መጣች።

«ቲቸር፣ አንዷ ተሳስታለች።»

«ማን?»

«አልጎል። ወረቀቱ ከአልማክ ጋር እኩል ናት ይላል፤ ሁለቱም 2.1። አርብ ማታ ግን 5 ሰዓት ላይ አጠገቧ ያለችውን ትንሿን አክላ ነበር። 7 ሰዓት ላይ ደግሞ መልሳ መድመቅ ጀመረች።»

እኔ ምን ብላት ጥሩ ነው? «ሌሊቱን ስትጠብቂ ዓይንሽ ደክሞ ይሆናል። ወይ ቀጭን ደመና ይሆናል።» እሺ ብላ ሄደች።

ደስ አላለኝም። የምሳ ሰዓት ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ዋናውን፣ ያልተነካውን ፋይል አየሁ። ከሰረዝኳቸው ኮለሞች ውስጥ ሁለቱ የኮከቡ ከፍተኛና ዝቅተኛ ድምቀት የሚጻፍባቸው ናቸው። የአልጎል መስመር ላይ ተሞልተዋል። ልጅቷ ያየችው ልክ ነው! አልጎል አንድ ኮከብ ሳትሆን እርስ በርስ የሚዞሩ ናቸው፤ በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው ደብዛዛዋ ብሩህዋን ትጋርዳታለች፣ ድምቀቷ ከ2.1 ወደ 3.4 ይወርዳል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይመለሳል። ይህን ጊዜ በ1782 እና 83 ቆጥሮ ምክንያቱ መጋረድ ሊሆን ይችላል ያለው ጆን ጉድሪክ የሚባል መስማት የተሳነው እንግሊዛዊ ነው፤ ሲጀምር 18 ዓመቱ ነበር። ከእሷ ብዙም አይበልጥም።

ከሰዓት በኋላ ፈልጌ አገኘኋት። ደብተሯን አውጪው አልኳት። በእርሳስ የጻፈችውን በላጲስ አጥፍታዋለች። ሰዓቶቹ በጥልቁ ይታያሉ፤ 3፣ 4 ተኩል፣ 5፣ 6፣ 7። «ለምን አጠፋሽው?» ስላት «ስህተት ነው ብለውኝ» አለች። እኔ ስህተት ነው አላልኩም ብዬ ልከራከር ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት።

ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ያው አቀርቅራ ሳቀች። ከዚያ አብረን ደመርን። አርብ ማታ 5 ሰዓት ላይ 2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ሲጨመር ሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሊሞላ 11 ደቂቃ ሲቀረው ይመጣል። ሰኞ ደግሞ ያን ቀን ነው! እሷ እዚያ፣ እኔ ዲላ ግቢዬ ውስጥ ቆምን። እግዜር ሲረዳ መብራት ጠፋ። (በሕይወቴ መብራት በመጥፋቱ የተደሰትኩበት ብቸኛ ቀን።) አልጎል ደብዝዛለች። 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ደወለች፣ «ቲቸር፣ አዩዋት?» አለች። ከጀርባ አባቷ «ማንን ነው?» ሲሉ ይሰማኛል።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ፋይሉን እንዳለ ነው የምሰጠው። ኤችዋይጂ ከነሙሉ ኮለሞቹ፣ ታይኮ 2 ለሦስት የተቆረጠው፣ ስቴላሪየም። ኤችዋይጂ ከአንድ የሙዚቃ ክሊፕ ብዙ አይበልጥም፤ በዜንደር በአንድ አፍታ ያልፋል። ጋይያን ሙሉውን የሚችል ኮምፒውተር እዚህ የለንም፤ የምትፈልጉትን የሰማይ ክፍል ንገሩኝና ቆርጬ አወርድላችኋለሁ።

ቡናን ለምትፈልጉ፦ በታኅሣሥ አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ። ከፍ ብለው አልማክና አልጎል አሉ። ቡና የሁለቱ መሐል ላይ ናት ማለት ይቻላል፤ ኤም 34 የሚባለው የኮከቦች ስብስብ አንድ ዲግሪ ያህል ወረድ ብሎ በስተቀኝ፣ ባይናኩላሩ ውስጥ አብሯት ይገባል።

እኛ እስካሁን አላየናትም፤ ባይናኩላር የለንም። ውጭ ያላችሁ ወይም አዲስ አበባ የምትኖሩ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ቤታችሁ የተቀመጠ 7 በ50ም ሆነ 10 በ50 ካለ ለታኅሣሥ ብታደርሱልን። ዲላ ያላችሁ ደግሞ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፤ ባለቫይረሱን ግን ቤት ተዉት፣ ያለፈው ሰሞን የመጣው ፍላሽ የፈተና ፋይሌን ሾርትከት አድርጎብኛል።