ማቀዝቀዣው ምን ይላል?

በየቤታችን ብዙ ድምፅ አለ፤ የቤቱ ሰው ግን ከመልመዱ የተነሣ አብዛኛውን አይሰማውም። ይሁን እንጂ ከነዚያ ድምፆች አንዱ የተለወጠ እንደ ሆነ ወዲያው ቀና ይላል። ቡና የምታፈላ ሴት ፊቷን ወደ እንግዶቿ አዙራ ስትጫወት ሳለች ጀበናው ሊገነፍል መቃረቡን በድምፁ ብቻ ታውቃለች። ባለወፍጮውም ከደንበኛው ጋር እየተነጋገረ ሳለ፥ እህሉ አልቆ ድንጋይ ከድንጋይ ሊፋጭ መሆኑን ጆሮው ይነግረዋል። እነዚህ ሰዎች ዕውቀታቸውን ያገኙት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከዕቃቸው ጋር አብረው በመኖር ነው።

ኤሲ እያልን የምንጠራው የአየር ማቀዝቀዣ ግን በብዙዎቻችን ቤት ገና እንደ እንግዳ ነው። ቋንቋውን አልለመድንም። ስለዚህ ባጉረመረመ ጊዜ ከሁለት አንዱን እናደርጋለን፤ ወይ ሊፈነዳ ነው ብለን እንሸሸዋለን፥ ወይም «ተወው፥ ልማዱ ነው» ብለን እንተኛለን። ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ።

እኔ የማስተምረው በድሬዳዋ ነው። ይህች ከተማና ይህ መኪና እኩያሞች መሆናቸውን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ዊሊስ ካሪየር የተባለ ወጣት አሜሪካዊ መሐንዲስ፥ በኒው ዮርክ በብሩክሊን ለነበረ አንድ ማተሚያ ቤት የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማስተካከያ ነደፈ። ዓላማው የሰውን ላብ ማድረቅ አልነበረም፤ ወረቀቱ በእርጥበት እያበጠና እየተኮማተረ የሥዕሎቹ ቀለማት አልገጣጠም ስላሉ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ እዚህ ደረሰና ድሬዳዋ ተቆረቆረች። የከዚራ አሮጌ ቤቶች ጣራቸው ከፍ ያለ፥ ግድግዳቸው ወፍራም፥ በረንዳቸው ሰፊ ስለ ሆነ ሙቀቱን የሚመክቱት በአሠራራቸው ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንከራያቸው ክፍሎች ግን በዝቅተኛ ቆርቆሮ የተሸፈኑ ናቸውና፥ በግንቦትና በሰኔ ሌሊቱን ያለ ማቀዝቀዣ ማሳለፍ ለሕፃንና ለሽማግሌ ቀላል ነገር አይደለም።

መቼም ድምፁን ለመረዳት አስቀድሞ ሥራውን መረዳት ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣው ብርድ አይፈጥርም፤ ሙቀትን ከቤት ውስጥ ተሸክሞ ወደ ውጭ ያወጣል እንጂ። በግድግዳ ላይ የተሰቀለው ክፍል የቤቱን አየር ስቦ በቀዝቃዛ ቱቦዎች ላይ ያሳልፈዋል። በቱቦዎቹ ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ሙቀቱን ይቀበላል። በውጭ የተቀመጠው ክፍል ደግሞ ጋዙን በኮምፕሬሰር ጨምቆ ሙቀቱን ለውጭ አየር ያስረክባል። እንግዲህ ከዚህ መኪና የሚሰማው ድምፅ ሁሉ የአምስት ነገሮች ድምፅ ነው፤ ይኸውም የነፋስ፥ የውሃ፥ የጋዝ፥ የብረትና የኤሌክትሪክ ነው። ከአምስቱ የትኛው እንደ ተናገረ ለይቶ ማወቅ የመፍትሔው እኩሌታ ነው።

በመጀመሪያ ሊያስፈሩን ስለማይገባቸው እንናገር። መኪናው ሲበራ ወይም ሲጠፋ «ቀጭ፥ ቀጭ» የሚለው፥ ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ፥ ሲሞቅ እየተለጠጠ ነው። የቆርቆሮ ጣራችንም ፀሐይ ስትወጣና ስትገባ እንዲሁ ይላል። ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ጊዜ «ስስስ» ቢል፥ በቱቦው ውስጥ የነበረው ጋዝ ግፊቱን እያስተካከለ ነው። በውጭ በኩል «ጠብ ጠብ» የሚለው ውሃም ከቤቱ አየር የወጣ እርጥበት ስለ ሆነ የጤንነት ምልክት ነው።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ትንሽ እጅ የሚፈልግ ነው። ውሃው በውጭ መንጠባጠቡን ትቶ በውስጥ «ቡልቅ ቡልቅ» ካለ፥ የውሃ መውረጃው ቱቦ በአቧራና በዝቃጭ መደፈኑን ይናገራል፤ ቆይቶም ግድግዳውን ያርሰዋል። የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ሲሰማ ብዙ ጊዜ የላላ ብሎን ወይም በውጭው ክፍል የገባ ቅጠልና ጭራሮ ነው። ነፋሱ እየደከመ ድምፁ ከታፈነ ደግሞ ፊልትሮው በአቧራ ተሸፍኗል ማለት ነው። እንደኛ ባለ አቧራማ አገር ፊልትሮውን በየሁለት ሳምንቱ አውጥቶ ማጠብና በጥላ ማድረቅ ይገባል። ይህ ካልተደረገ በቱቦዎቹ ላይ በረዶ ይጋገራል። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ማቀዝቀዙን አቁሞ በረዶው እስኪቀልጥ መታገሥ ነው እንጂ በቢላዋ መፈቅፈቅ ቱቦውን መብሳት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ወገን ሰውን የሚያሳስት ድምፅ ነው። ቤት ያከራዩኝ ባልቴት የደም ግፊት ሕመም አለባቸው። በጅዳ የሚኖረው ልጃቸው ገንዘብ ልኮላቸው አንድ ማቀዝቀዣ አስገጠሙ። ዓመት ሳይሞላው የውጭው ክፍል ለጥቂት ሰኮንዶች «እምምም» እያለ ማቃሰት፥ ከዚያም «ቀጭ» ብሎ ዝም ማለት ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ያቃስታል፤ እንደገና ዝም ይላል። ነፋሱ ይነፍሳል፥ ግን ብርድ የለውም። አንድ ሠራተኛ ተጠርቶ መጣና «ጋዝ አልቋል» ብሎ ሞላ፤ ገንዘቡንም ተቀበለ። ድምፁ ተመለሰ። ሠራተኛውም ተመልሶ መጣና ሞላ፤ ዳግመኛም ተከፈለው። በመጨረሻ እናታችን ሶኬቱን ነቀሉና «ልጄ፥ ይህ ነገር እኔን ሳይገድል አይተኛም፤ ሙቀቱ ይሻለኛል» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በግንቦት ሙቀት በራቸውን ከፍተው፥ እግራቸው እያበጠ፥ እስኪነጋ ይቀመጡ ነበር።

«እማማ፥ ሦስት ቀን ብቻ ይስጡኝ» አልኋቸውና በየምሽቱ በግቢው ተቀምጬ ድምፁን ከነሰዓቱ በወረቀት ጻፍሁ። በቀን ሲበራ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ይነሣል። የሚያቃስተው የመንደሩ መብራት በሚዳከምበት ምሽት፥ ወይም መብራት ጠፍቶ ወዲያው በመጣ ጊዜ ነበር። ጋዝ ያነሰው መኪና ደግሞ ሰዓት እየመረጠ አያቃስትም። ወረቀቱን ለሌላ ባለሙያ ባሳየሁት ጊዜ የለካው ጋዙን ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪኩንም ኃይል ነበር። ለኮምፕሬሰሩ መነሻ ጉልበት የሚሰጠው ካፓሲተር የሚባለው ትንሽ ዕቃ ደክሟል፤ 220 ቮልት መሆን የሚገባው መብራትም በምሽት ከልኩ በታች ይወርዳል። ኮምፕሬሰሩ መነሣት እያቃተው ሲያቃስት፥ እንዳይቃጠል የተሠራለት መከላከያ «ቀጭ» ብሎ ያቋርጠው ነበር። ጋዙማ እንኳን ሊያንስ፥ ሁለት ጊዜ በመሞላቱ ከልኩ በላይ ሆኖ ተገኘ። ካፓሲተሩ ተለወጠ፤ የተረፈው ጋዝ ተቀነሰ፤ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ስታብላይዘርም ተገዛ። እናታችን ያን ሌሊት በራቸውን ዘግተው ተኙ።

ከዚህ ሁለት ነገር መያዝ ይገባል። አንደኛው፥ የማቀዝቀዣ ጋዝ እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ አያልቅም። ያነሰ እንደ ሆነ የወጣበት ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ሳይፈለግ መሙላት በተቀደደ ጆንያ እህል እንደ መስፈር ነው። ጋዝ በእውነት ሲያፈስስ ብርዱ እየደከመ ይሄዳል፤ በቱቦው ላይ በረዶ ይታያል፤ አንዳንድ ጊዜም መኪናው ሲሠራ የማያቋርጥ «ስስስ» ይሰማል። ሁለተኛው፥ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማቀዝቀዣውን ወዲያው ማስነሣት አይገባም። በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪስተካከል 3 ደቂቃ ያህል ጊዜ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ አዳዲስ መኪናዎች ይህን ራሳቸው ይጠብቃሉ፤ አሮጌዎቹን ግን የምንጠብቅላቸው እኛ ነን።

የመጨረሻው ወገን ጊዜ የማይሰጥ ነው። ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማ ከሆነ፥ ወይም «ሲጥ ሲጥ» የሚለው የማራገቢያው ኩሽኔታ ወደ ጩኸት ከተለወጠ፥ መኪናውን ማጥፋትና ባለሙያ መጥራት ነው። ከድምፅ ጋር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከመጣ፥ ወይም ኃይለኛ «ጧ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፥ በሪሞት ማጥፋት አይበቃም፤ ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ ማቋረጥ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሆኖ የውጭውን ክዳን በካቻቪቴ ልክፈት የሚል ደፋር አይጠፋም። ካፓሲተሩ መብራቱ ከተቋረጠ በኋላም ኃይል አምቆ ሊቆይ ስለሚችል፥ ይህ ለባለሙያ የሚተው ሥራ ነው።

ታዲያ የቤቱ ባለቤት ድርሻ ምንድር ነው? መስማትና መመስከር ነው። ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው «አመመኝ» ብቻ ብሎ ዝም ቢል ሐኪሙ በግምት ይሠራል፤ የት፥ መቼና እንዴት እንዳመመው ቢናገር ግን መንገዱ ያጥራል። እንዲሁም ለሠራተኛው ሦስት ነገር እንንገረው፤ ድምፁ ከውስጡ ክፍል ነው ወይስ ከውጭው? ሲነሣ ነው፥ እየሠራ ሳለ ነው፥ ወይስ ሲጠፋ? ከድምፁ ጋር ብርዱ፥ ውሃው ወይስ መብራቱ ተለውጧል? ይህን የሚናገር ሰው በቀላሉ አይታለልም፤ ቅን የሆነውንም ሠራተኛ ከድካም ያድነዋል።

ተማሪዎቼ ጋዝ ሲጨመቅ እንደሚሞቅ ለፈተና በደንብ ይጽፋሉ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ግን ያው ሕግ በራስጌያቸው ተሰቅሎ ሲያንጎራጉር ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው። መኪናን በገንዘብ ልንገዛው እንችላለን፤ ከመኪናው ጋር የመኖር ዕውቀት ግን ከዕቃው ጋር ተጠቅልሎ አይመጣም። ወፍጮና ጀበና ያስተማሩንን ጆሮ ለአዲሱ ዕቃ ብናውሰው ገንዘባችን ይተርፋል፤ ሽማግሌዎቻችንና ሕፃናቶቻችንም ሌሊቱን በሰላም ይተኛሉ።