አዲስ ካርድ በአሮጌ ኮምፒውተር፦ «ተበላሽቷል» ከማለት በፊት

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ኮምፒውተር ዕቃ ነው። የኮምፒውተር ዕቃ ከዱባይ፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከሱቅ አረቢ ገዝቶ ለሰው ማድረስ ለብዙዎቻችን የእንጀራ ገመድ ሆኖ ነበር። በዚህ ንግድ ውስጥ ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው ቃል «ተበላሽቷል» የሚለው ነው። ሻጩን ሌባ፣ አምጪውን ግዴለሽ ያሰኛል፤ ገንዘብ ያስመልሳል፤ የዓመታት ደንበኝነት ያፈርሳል። እኛ እንዳየነው ግን አዲስ ዕቃ ከአሮጌ ማሽን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ጤነኛ ሆነው አለመግባባት ይችላሉ።

እኛ አራት ሴቶች ነን። በዕቁብ ገንዘብ ካላክላ ውስጥ አንዲት የፎቶና የቪዲዮ ቤት ከፍተን የሐበሻ ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት እንቀርጻለን። ኮምፒውተራችን በ2011 አካባቢ የተሠራ፣ ያገለገለ የቢሮ ማሽን ነው። ለደብዳቤና ለሂሳብ ምንም አይለው፤ የዛሬ ካሜራ የቀረጸውን ቪዲዮ ሲያቀናብር ግን የአንድ ሰዓት ሠርግ ሌሊቱን ሙሉ ያስጠብቀናል። ስለዚህ የቪዲዮውን ሥራ የሚያግዘው ግራፊክስ ካርድ ልንጨምርለት ተስማማን።

ያስቸኮለን አንድ ሠርግ ነበር። ሙሽራዋ እዚህ ስታገባ እናቷ ጎንደር ናቸው፤ በዚያ የጦርነት ወቅት መምጣት አልቻሉም። ቪዲዮው ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት እንዲደርሳቸው ለመኑን፤ ጎረቤት ጠርተው፣ ዶሮ ሠርተው፣ የልጃቸውን ሠርግ ሊያዩ። ቀብዱን ተቀብለናል፤ ቃላችንንም ሰጥተናል።

ቅዳሜ ጥቅምት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ከሱቅ አረቢ የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ገዛን። ያን ጊዜ የካርድ ዋጋ በዓለም ሁሉ ንሮ ስለነበር አቅማችን የፈቀደው እሱን ነው። ሱዳን ውስጥ ስለ ዋስትና መናገር ከባድ ነበር። በፈረንጆቹ አቆጣጠር አሜሪካ በ1997 የጣለችው የንግድ ማዕቀብ እስከ 2017 ቆየ፤ አገሪቱ ሽብርን ይደግፋሉ ከተባሉት መዝገብ የወጣችው በ2020 መጨረሻ ነው። ስለዚህ ዕቃው በዱባይ በኩል ዞሮ ይመጣ ነበር፤ ዋስትናውም የሻጩ ቃል ነበር። የእኛም ሻጭ «ሦስት ቀን ሞክሩት» አለን።

ማታውኑ ካርዱን ሰካነው። ማሽኑ ተነሣ፣ ማራገቢያዎቹ ዞሩ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ «ምልክት የለም» አለ። ኮምፒውተር የሚነካካ የጎረቤት ልጅ አየና፣ «እትዬ፣ ይሄ ካርድ ሞቷል፤ ነገውኑ መልሱት» አለን። ሌላው ደግሞ ኮምፒውተሩን ሽጣችሁ አዲስ ግዙ አለ። ሁለቱም ምክር ገንዘብ የሚያስወጣ ነው፤ ሁለቱም ሳይፈተሽ የተሰጠ ነው።

ኮሜርስ ስንማር አንድ ነገር ተምረናል፤ ሂሳቡ አልታረቅ ሲል መዝገቡ አይቀደድም፤ መስመር በመስመር ይታያል እንጂ። እዚህም እንደዚያው አደረግን፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ያየነውን መጻፍ። ሁለት ነገር አንድ ላይ የለወጠ ሰው ማሽኑ ቢነሣ እንኳ የትኛው እንዳስነሣው አያውቅም።

እሁድ ጠዋት ሶኬቱን ነቅለን ካርዱን አወጣነው፤ ማሽኑ እንደ ድሮው ሠራ። ስለዚህ ማሽኑ ደህና ነው። መልሰን ሰካነው፤ አሁንም ጨለማ። ቀጥሎ ኬብሉን አየን። አሮጌው ስክሪናችን የሚያውቀው ቪጂኤ ብቻ ነው፤ ኬብሉም የተሰካው ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ብዙ የቢሮ ማሽኖች ደግሞ ካርድ ሲገባላቸው የራሳቸውን የስክሪን መውጫ ይዘጋሉ፤ ምስሉ የሚወጣው በካርዱ በኩል ነው። ካርዱ ላይ ያሉት ግን ኤችዲኤምአይ፣ ዲቪአይና ዲስፕሌይፖርት ናቸው፤ የአናሎግ ምልክት የሚባለውን ጭራሽ አይሰጥም። ስለዚህ ሽቦ ብቻ ያላት ርካሿ የዲቪአይ መቀየሪያ አትረዳም፤ ምልክቱን የሚተረጉም ቺፕ ያለው መቀየሪያ ያስፈልጋል። እሱን ከመግዛታችን በፊት የቤታችንን ቴሌቪዥን አምጥተን በኤችዲኤምአይ አገናኘነው። ምስል መጣ። ሞተ የተባለው ካርድ በሕይወት ነበር።

ግን ሥራው ገና ነው። ካርዱ በሙሉ አቅሙ እንዲሠራ ድራይቨር ይፈልጋል። ኢንተርኔት ካለ ዊንዶውስ ራሱ ያመጣዋል። ሰኞ ጥቅምት 15 ግን መፈንቅለ መንግሥት ሆነ፤ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መንገዱ ተዘጋጋ፤ ሱቆች ተዘጉ። የሦስት ቀኑ የመሞከሪያ ጊዜ እኛ ቤታችን ተቀምጠን አለቀ። ኢንተርኔቱ የተመለሰው ኅዳር 9 ነው፤ ያንን ብንጠብቅ የእናትየው ድግስ ያልፋል። አየር ማረፊያው ሲከፈት ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ዘመዳችን በስልክ የካርዱን ስምና የዊንዶውሱን ዓይነት ነገርነው፤ ድራይቨሩን በፍላሽ ይዞልን መጣ። መጠኑ ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ነው፤ ደካማ ኢንተርኔት ላለበት ሰው ከካርዱ ጋር አብሮ ቢመጣለት ትልቅ ውለታ ነው።

ድራይቨሩ ገባ፤ ቪዲዮውም መፍጠን ጀመረ። ከዚያ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ማሽኑ ድርግም ብሎ እንደገና ተነሣ። ደግመን ሞከርን፤ ያው ነው። አሁንም ጣት ወደ ካርዱ ተቀሰረ። እኛ ግን መጀመሪያ ሙቀቱን አሰብን፤ የካርቱም ሀቡብ የማይገባበት ቀዳዳ የለምና። አቧራውን አራገፍን፣ ጎኑን ከፍተን ማራገቢያ አዞርንበት፤ አልተለወጠም። በስታቢላይዘር በኩል አበራነው፤ አልተለወጠም። ያንኑ ሥራ ያለ ካርዱ እርዳታ አሠራነው፤ ቢዘገይም አንድም ጊዜ አልጠፋም። ችግሩ የሚመጣው ካርዱ በርትቶ ሲሠራ ብቻ ነው ማለት ነው።

ያኔ የፓወር ሰፕላዩን ወረቀት አነበብን፤ 265 ዋት ይላል። ካርዱ እስከ 75 ዋት ይፈልጋል፤ ሌላ ገመድ ሳይኖረው ሁሉንም ከማዘርቦርዱ ይስባል። ፕሮሰሰሩ ለብቻው እስከ 95 ዋት ይወስዳል። ዲስኩና ራሙ ሲጨመሩ በወረቀት ላይ ይበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን ፓወር ሰፕላዩ በዚህ ሙቀትና በዚህ የመብራት መቆራረጥ አሥር ዓመት የኖረ ነው። ኤንቪዲያ ራሱ ለዚህ ካርድ 300 ዋት ይመክራል። የኢንተርኔት ቤት ካላት እህታችን 450 ዋት ተውሰን፣ መሰኪያው አንድ ዓይነት መሆኑን አይተን ቀየርነው። ሠርጉ ከሙሽራዋ መውጫ እስከ መልሱ ድረስ ማሽኑ ሳይጠፋ ተቀነባበረ። ኅዳር 10 ፍላሹ በሰው እጅ ወጣ፤ እናትየውም ከጾሙ በፊት የልጃቸውን ሠርግ አዩ።

ሱቁ ሲከፈት ፓወር ሰፕላይ ልንገዛ ወደ ሻጩ ሄድን። እሱ ግን ልንጣላ የመጣን መስሎት ቀድሞን፣ «እህቶቼ፣ ሱቄ ተዘግቶ የከረመበት ቀን አይቆጠርም፤ ካርዱ እምቢ ካለ መልሱት» አለን። ካርዱ ደህና መሆኑን ስንነግረው ሻይ አስመጣልን፤ ፓወር ሰፕላዩንም ቀንሶ ሸጠልን። በዚያ ሰሞን ሰው ሰውን በጥርጣሬ በሚያይበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ለሰው ካርድ የምታመጡ ሁሉ፣ ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት ገዢውን አራት ነገር ጠይቁት። የፓወር ሰፕላይህ ዋት ስንት ነው? የስክሪንህ መሰኪያ ምን ዓይነት ነው? ሳጥኑ ሰፊ ነው ወይስ ቀጭን? ዊንዶውስህ ስንተኛው ነው? የማሽኑን ጎን አስከፍታችሁ ፎቶ ብታስልኩት ደግሞ የተሻለ ነው። ቀጭን ሳጥን አጭር ካርድ ይፈልጋል፤ በብዙ የቢሮ ማሽኖች ላይም የፓወር ሰፕላዩ መሰኪያና ቅርጽ ለብቻው ነው። ፓወር ሰፕላይ መቀየር ለማይችል ሰው 30 ዋት ብቻ የሚወስደው ጂቲ 1030 ይሻለዋል። ማሽኑ ጭራሽ አልነሣ ካለ የሚሰጠውን ምልክት ቁጠሩ፤ ለምሳሌ በዚያ ዘመን የኤች ፒ የቢሮ ማሽኖች ላይ ቀይ መብራት 4 ጊዜ ሲበራ የኃይል፣ 6 ጊዜ ሲበራ የግራፊክስ ችግር ነው። ባዮስ አድሱ ከተባላችሁም ያለ ዩፒኤስ አትሞክሩት፤ በመካከል መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካርዱ በሌላ ጤነኛ ማሽን ላይም እምቢ ካለ፣ ያኔ «ተበላሽቷል» በሉ። ማስረጃችሁ በእጃችሁ ስለሆነ ሻጩም ይሰማችኋል።

በሰላም ግቡ፣ በሰላም ውጡ።