በአንድ እጅ የተነሳው ተሳቢ

ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ሰው የሚፈራው ቁልቁለቱን ነው። መንገዱ ከ2,700 ሜትር ከፍታ ተነስቶ፣ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያሳርፋል። እኛን ሊገድለን የነበረው ግን ሜዳው ነው።

ቪትዜ ጨንቻ ላይ ካምቢዮዋ ተበላሽቶ ቆመች። ጋሼ የምለው ጎረቤቴ ፒክአፑንና ጋራዥ ያስበየዳትን ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ይዞ ደረሰልኝ። ለመግፋት ስለቀለለን በኋላዋ ጫንናት፤ አፍንጫዋ ወደ ጨንቻ ዞረ። ረዳቱ ልጅ የተሳቢውን ጫፍ በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ ጋንቾው ላይ ሲያውለው፣ «ቅልል ያለች ናት!» ብለን ሳቅን።

ጋሼ ቁልቁለቱን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን እምብዛም ሳይነካ ጨረሰው። የዶርዜ ቀርከሃና እንሰት ከኋላችን ቀርቶ የቆላው ሙቀት ሲቀበለን፣ የሶዶ አርባ ምንጭ አስፋልት ላይ ወጣን። «ተመስገን» አልኩ። ጋሼም ነዳጅ ሰጠ።

ሰባ ስንገባ ተሳቢው ተወዛወዘ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፤ ኋለኛው ከፊተኛው እየባሰ። ቪትዜን አንዴ በእኔ መስታወት፣ አንዴ በጋሼ መስታወት አየኋት። ከፊታችን ሙዝ የጫነ አይሱዙ ይመጣል።

«ፍሬን ያዝ እንጂ ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ።

እሱ ግን እግሩን ከነዳጁ አንስቶ፣ መሪውን በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ ዝም አለ። እንዳልኩት ፍሬኑን ቢረግጥ ተሳቢው ገፍቶ ያዞረን ነበር። አይሱዙው ዳር ይዞ፣ ክላክሱን እያምባረቀ አለፈ። ፍጥነታችን ሲወርድ ውዝዋዜውም በረደ። ቆመን ስናይ የጋንቾው ፒን ጎብጧል።

የቪትዝ ክብደት ሞተሯ ጋ፣ ከፊት ነው። እኛ ያንን ክብደት ከተሳቢው ጎማ ኋላ አሳለፍነው። ቁልቁለቱን በዝግታ ስለወረድነው ጥፋታችን አልታወቀም፤ የሜዳው ፍጥነት ገለጠው። ከተሳቢውና ከጭነቱ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ጋንቾው ላይ ማረፍ ነበረበት።

የሰፈሩ ወጣቶች አግዘውን አወረድናት፤ ጎማው ስር ታኮ አድርገን፣ አፍንጫዋን ወደ ፊት አዙረን ጫንናት። ረዳቱ ጫፉን ሊያነሳ ሞከረ፤ አቃተው። ያኔ ነው ያመንነው።

ተሳቢ የምትጎትቱ ሁሉ፣ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ጫፉን ሞክሩት። በአንድ እጅ ከተነሳ፣ እናንተ አትነሱ።