አርማው የወደቀበት ብረት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የቢስክሌትን ስም የሚያወጣው ግን ነጋዴ ነው። ከመሪው በታች፣ በግንባሩ ላይ፣ በሁለት ትናንሽ ሚስማሮች ተጣብቆ የሚያብረቀርቀው አርማ ከአካሉ ሁሉ በመጨረሻ የሚገባ፣ ከአካሉም ሁሉ በፊት የሚወድቅ ነው። አርማው ሲወድቅ፣ ቀለሙ ሲላጥ፣ ጽሑፉ ሲደበዝዝ የሚቀረው ብረቱ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ «ይህ የማን ሥራ ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላል። በውስጡ ግን የሰውን ጉልበትና የሰውን ስም የሚመለከት ቁም ነገር አለ።

ይህን ቁም ነገር አጉልተው ካሳዩት የኪነ ጥበብ ሥራዎች አንዱ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 የሠራው «የቢስክሌት ሌቦች» የተሰኘው ፊልም ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከጦርነቱ በኋላ በነበረችው ሮማ፣ ሥራ ፈትቶ የኖረው አንቶኒዮ የግድግዳ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ያለ ቢስክሌት አይሆንምና ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን አስይዛ በመያዣ ተቀምጦ የነበረውን ቢስክሌት ታስለቅቃለች። ሥራውን በጀመረበት ቀን ቢስክሌቱ ይሰረቃል። አባትና ልጅ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው፣ አሮጌ ቢስክሌትና የቢስክሌት ዕቃ ወደሚሸጥበት የቪቶሪዮ አደባባይ ገበያ ይሄዳሉ። ሌባ የሰረቀውን ቢስክሌት እንዳለ ለገበያ እንደማያወጣ ያውቃሉና ሥራውን ይከፋፈላሉ። አንዱ ጎማዎቹን፣ አንዱ ፍሬሞቹን ይመረምራል። ሕፃኑ ብሩኖ ደወልና መንፊያ እንዲፈልግ ይታዘዛል።

እዚያ አንድ ሰው ፍሬም ቀለም ሲቀባ ያገኙታል። አንቶኒዮ በብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ለማየት ይጠይቃል። ሰውየው እምቢ ይላል። ሕግ አስከባሪ ተጠርቶ ቁጥሩ ይነበባል፤ የአንቶኒዮ ቁጥር አይደለም። በዚህች አጭር ትዕይንት ውስጥ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ በጥቂት የብረት አኃዞች ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። የተሰረቀው ቢስክሌት ስሙ «ፊደስ» ነበር፤ በላቲን ቋንቋ እምነት ማለት ነው። ፈላጊው ግን በስም አላመነም። ስም በአንድ ጧት ቀለም እንደሚሸፈን ስለሚያውቅ ወደ ብረቱ ጎንበስ አለ።

ሆኖም ቁጥርም ብቻውን ሙሉ ምስክር አይደለም። አያሌ ፋብሪካዎች ቁጥራቸው ከአንድ ደረጃ ሲደርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረዋል። የብዙዎቹም መዝገብ ጠፍቷል። ስለዚህ አዋቂው ከቁጥሩ ወደ አካሉ ይሻገራል። ፔዳሎቹ የሚዞሩበትን ቀፎ ፈትቶ ጥርሱን ይመረምራል። በእንግሊዝ ሥራ በአብዛኛው በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ ይገኛል። በካቴናው በኩል ያለው ክዳንም ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። በጣሊያን ሥራ ስፋቱ 36 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሁለቱም ክዳኖች ወደ ቀኝ ሲዞሩ ይጠብቃሉ። በቀድሞው የፈረንሳይ ሥራ ደግሞ ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ነው። አርማው የዋሸውን አገር ጥርሱ ይናገራል ማለት ነው።

ቀጥሎ የኮርቻው ዘንግ ወጥቶ ይለካል። የቱቦው የውጭ ስፋት እኩል ሆኖ ሳለ ዘንጉ በወፈረ ቁጥር የቱቦው ግድግዳ ስስ መሆኑን ያመለክታል። 27.2 ሚሊ ሜትር ዘንግ የሚቀበል የእንግሊዝ ፍሬም፣ ሬይኖልድስ የተባለው የበርሚንግሃም ኩባንያ በ1935 እንዳወጣው 531 የተሰኘ ዓይነት፣ ከቀላልና ከጠንካራ ብረት የተሠራ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ትናንሾቹ ክፍሎችም የየራሳቸው ቃል አላቸው። የጣሊያኑ ካምፓኞሎ በአንድ ዘመን በጎማው እምብርት ዳዶ ላይ የዓመቱን የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ያትም ነበር። የኖቲንግሃሙ ስተርሜ አርቸርም በባለ 3 ማርሹ እምብርት ላይ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ነገር ግን ጎማ ይለወጣል፤ የአንዱ ቢስክሌት እምብርት ለሌላው ይገጠማል። አንድ ክፍል የሚመሰክረው ስለ ራሱ ብቻ ነው። እውነቱ የሚገኘው ምስክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ አቅርቦ፣ የሚስማሙበትንና የሚጣሉበትን ለይቶ በመስማት ነው።

የኖቲንግሃም ከተማ ታሪክ ይህን ጉዳይ ይበልጥ ያወሳስበዋል። እዚያ በ1887 የተመሠረተው ራሌ፣ አርማው ረጅም እግር ያላት የሳቢሳ ራስ የሆነው ኩባንያ፣ ተፎካካሪዎቹን አንድ በአንድ ዋጠ። በ1932 ሀምበርን፣ በ1943 ራጅ ዊትዎርዝን፣ በ1957 የቢ ኤስ ኤን የቢስክሌት ክፍል ያዘ። በ1960 ቲዩብ ኢንቬስትመንትስ የተባለው ታላቅ ኩባንያ ራሌን ራሱን ገዝቶ የቀድሞዎቹን ሄርኩለስንና ፊሊፕስን በራሌ አመራር ሥር አደረጋቸው። ፋብሪካዎቹ ይጠቃለሉ እንጂ ስሞቹ አልተጣሉም፤ ገዢ የለመደው ስም ገንዘብ ነውና። አንዱ ሀምበር፣ ሌላው ራጅ የሚል አርማ ለጥፈው በመንገድ ላይ የሚፎካከሩ ሁለት ቢስክሌቶች ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ወንድማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን የሚያጋልጠው ጥርሱ ነው። ሌሎች የእንግሊዝ ሠሪዎች በኢንች 24 ጥርስ ሲያወጡ፣ የራሌ የራሱ ልማድ 26 ነበር።

በዚያ ፋብሪካ ውስጥ ቱቦውን የቆረጡት፣ የበየዱት፣ የሞረዱት ሠራተኞች ስማቸው በየትኛውም አርማ ላይ አልተጻፈም። ስለ እነርሱ የተናገረው ሥነ ጽሑፍ ነው። አለን ሲሊቶ ትምህርቱን በ14 ዓመቱ አቋርጦ በራሌ ፋብሪካ ሠርቷል። በ1958 ባሳተመው «ቅዳሜ ማታና እሑድ ጧት» በተሰኘው ልብ ወለዱም በቢስክሌት ፋብሪካ ማሽን ፊት ቆሞ በሠራው ቁራጭ ልክ የሚከፈለውን ወጣት ለዓለም አስተዋወቀ። ታሪኩ በ1960 ፊልም ሲሆን ካሜራው ወደዚያው ፋብሪካ ገባ። ዛሬ ፋብሪካው የለም፤ በ2002 ሥራው ቆሟል። ከዚያ የወጡት ብረቶች ግን በየአህጉሩ ገና ይሽከረከራሉ።

ከእነዚህ አንዱ ባሕር ዳር፣ ከአንድ ሽማግሌ ቢስክሌት ጠጋኝ ደጃፍ ደረሰ። ያመጣው መምህር ነው። ቢስክሌቱ ከአባቱ የወረሰው ነው። አባቱ ጤና ረዳት ነበሩ፤ በየቀበሌው እየዞሩ ሲከትቡ የኖሩት በዚህ ላይ ተቀምጠው ነው። ሁልጊዜም «ሀምበር ነው» ይሉ ነበር። አርማው ከወደቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በግንባሩ ላይ የቀሩት ሁለት ቀዳዳዎች ናቸው። መላ አካሉ በወፍራም አረንጓዴ ቀለም ተለቅልቋል። ሊገዛ የመጣ ነጋዴ «ከቻይና የመጣ ነው፤ በኪሎ እወስደዋለሁ» ብሎታል። ሌላው ደግሞ በባለ ጥርሱ መዘውር ላይ የሳቢሳዎቹን ቅርጽ አይቶ «ራሌ ነው» ብሏል። መምህሩን ያስጨነቀው ዋጋው አልነበረም፤ የአባቱ ቃል እውነት መሆን አለመሆኑ ነበር።

«ጋሼ፣ ቀለሙን ልላጠው?» አለ ተለማማጁ፣ የብርጭቆ ወረቀቱን አንሥቶ።

«ቆይ ልጄ፣ ምስክር ሳይሰማ አይፈረድም» አሉት ሽማግሌው።

ከፔዳሉ ቀፎ የግራውን ክዳን ፈትተው በነዳጅ አጠቡ። ማስመሪያ አስጠግተው በግማሽ ኢንች ውስጥ ያሉትን ጥርሶች ቆጠሩ፤ 12 ሳይሆን 13 ሆኑ። ብረቱ የኖቲንግሃም ልጅ ነው። በኋላው እምብርት ላይ 58 የሚል አኃዝ ከቅባቱ ሥር ወጣ። ግን እምብርት ይለወጣልና ለፍሬሙ ዕድሜ ዋስ አልጠሩትም። ቀጥለው የፊቱን ጎማ የሚይዘውን ሹካ ተመለከቱ። በእያንዳንዱ ወገን አንድ ሳይሆን ሁለት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ጎን ለጎን ወርደዋል። ይህ የሀምበር መለያ ነው፤ ራሌም ከገዛው በኋላ አልተወውም። አሁን መዘውሩ ራሌ፣ ሹካው ሀምበር ይላል። የትኛው ነው እንግዳው?

ፍርዱን የሰጠው ተለማማጁ ሊያጠፋው የነበረው ቀለም ነው። ሽማግሌው በስለት ጫፍ ከሹካው ትከሻ ላይ፣ ከኮርቻው ሥርም፣ የጥፍር ያህል አረንጓዴ አነሡ። በሁለቱም ቦታ ከሥር አንድ ዓይነት ጥቁር፣ በጥቁሩም ላይ አንድ ዓይነት ቀጭን ወርቃማ መስመር ታየ። ሹካና ፍሬም አብረው የተወለዱ ናቸው። መዘውሩ በኋላ ከሌላ ቢስክሌት የመጣ ነው።

«መምህር፣ አባትዎ አልተሳሳቱም» አሉ ሽማግሌው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። የሽማግሌው ጣት ከኋላው ቱቦ ላይ ሲደርስ ቆመ። እዚያም አረንጓዴውን ጥቂት ሲያነሡት የነሐስ መስመር ብልጭ አለ። ቱቦው አንድ ጊዜ ተሰብሮ ኖሯል። አንድ ሰው በነሐስ በይዶ፣ ከላይ በሞረድ አስተካክሎ፣ ዓይን እንዳያየው አድርጎ ሠርቶታል። ፋብሪካ እንዲህ ያለ ስፌት አይሠራም። በዚሁ አገር፣ ምናልባት በከሰል እሳት፣ በማይታወቅ እጅ የተሠራ ነው።

«ይህንስ ማን ሠራው?» አለ መምህሩ።

«የእንግሊዙን አገኘነው፤ የዚህኛውን ግን ማንም አልመዘገበውም» አሉ ሽማግሌው። መምህሩ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ቢስክሌቱ እንዲታደስ፣ የነሐሱ መስመር ግን ቀለም ሳይነካው በዘይት ብቻ እንዲወለወል ለመነ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ከአንድ ቢስክሌት ያለፈ ነው። ያልታወቀን ብረት ለመለየት የሚጥር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው የትውልድ ወረቀቱን ነው፤ የትኛው ከተማ፣ የትኛው ፋብሪካ፣ የትኛው ዓመት የሚለውን። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቢስክሌት አንድ ጊዜ ተወልዶ የሚያበቃ ዕቃ አይደለም። በየጊዜው በጠጋኞች እጅ ይሠራል። የተለወጠው መዘውር፣ የተበየደው ቱቦ፣ በላይ በላዩ የተደረበው ቀለም እንደ ጉድለት ሊቆጠሩ አይገባም። ብረቱን በሕይወት ያቆዩት ሰዎች ፊርማ ናቸው። እንደ አዲስ ላብረቅርቀው ብሎ ሁሉንም ልጦ የሚጥል ሰው የፋብሪካውን ስም ያተርፍ ይሆናል፤ የጠጋኞቹን ሥራ ግን ለሁለተኛ ጊዜ ስም የለሽ ያደርገዋል።

የጠጋኞቹ ቋንቋም ልክ እንደ ቢስክሌቱ ከየአቅጣጫው በተሰበሰቡ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ወራሪው ተባርሮ ሲወጣ ቃላቱ ግን በሠራተኛው እጅ ቀሩ። ሠራተኛውም ድምፃቸውን በራሱ አፍ ሞርዶ፣ የራሱን ሰዋስው አልብሶ የእንግሊዙን ብረት ሲጠግንባቸው ኖረ። ዛሬ ባሕር ዳር ላይ «ዳዶውን አጥብቀው» የሚል ወጣት ባዕድ ቋንቋ እየተናገርሁ ነው ብሎ አያስብም። ቃሉም እንደ ነሐሱ መስመር በሚገባ ተሞርዶ ከአካሉ ጋር ገጥሟል።

ለመሆኑ በየቤቱ ጥግ፣ በየምናለሽ ተራው የብረት ክምር ውስጥ አርማቸው የወደቀ ስንት ሥራዎች ተቀምጠው ይሆን? ቁራሌው በኪሎ መዝኖ ከመውሰዱ በፊት፣ የብርጭቆ ወረቀትም ከመነሣቱ በፊት፣ ቅባቱን ጠርጎ ቁጥሩን መጻፍ፣ ጥርሱን መቁጠር፣ ስፌቱን በጣት መዳሰስ የሚጠይቀው የአንድ ከሰዓት በኋላ ትዕግሥት ብቻ ነው። መምህር ለተማሪዎቹ፣ የኪነ ጥበብ ሰው ለሙያው ይህን ትዕግሥት ቢያስተላልፍ የሚጠቅመው ለብረት ብቻ አይሆንም። አርማ የለጠፈው አንድ ነው፤ የሠሩት ግን ብዙዎች ናቸው።