ስኳሩ ለጣዕም አይደለም

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ፣ ክረምት ላይ በየጤና ጣቢያው የሚሰማ አንድ ቅሬታ አለ። እናት ተቅማጥ የያዘውን ልጇን አዝላ ትመጣለች፣ ኦአርኤስ ይሰጣታል። «ለዚህ ነው እንዴ የመጣሁት? ጉሉኮስ አይሰካለትም?»

ብትቆጣ አይፈረድባትም። ጨውና ስኳር ቤቷም አለ፤ ለምን እንደሚሠራ ደግሞ የነገራት የለም።

የአንጀት ሴል ሶዲየምን ያለማቋረጥ ወደ ደም በኩል ይገፋል። ይህ ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት እንደ መውጣት ነው፤ ጉልበት ይጠይቃል። ጉልበቱ ኤቲፒ ይባላል። በአንድ ኤቲፒ ሦስት ሶዲየም ይወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ይገባል። ዴንማርካዊው የንስ ስኩ ፓምፑን እ.ኤ.አ. በ1957 ይፋ አደረገ፤ ኖቤሉን ያገኘው ግን 40 ዓመት ቆይቶ ነው። ሴሉ ውስጥ ሶዲየም ስለሚያንስ፣ አንጀት ውስጥ ያለው ሊገባ ይጣደፋል። አንደኛው በር ግን ብቻውን አያስገባውም፤ ግሉኮስ አብሮት ካልመጣ ዝግ ነው። ሁለቱ ሲገቡ ውሃ ይከተላል። የስኳሩ ሥራ ይህ ነው።

ኮሌራ ውሃ የሚያስወጣውን መንገድ ከፍቶ ይተወዋል፤ ይህን መግቢያ ግን አይነካውም። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዲሽ ጦርነት ጊዜ፣ ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ በስደተኞች ካምፕ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅበት ጨውና ስኳር በጥብጦ አጠጣ። ሞት ከ30 በመቶ ገደማ ወደ 4 በመቶ ያህል ወረደ።

እኛም አገር በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ድረስ የመጣው ወረርሽኝ «አተት» ተባለ። ኮሌራ የሚለውን ስም መሸሽ ለማን እንደጠቀመ አሁንም አይታወቅም። ቡራዩ አጠገቧ ገፈርሳ ግድብ አለ፤ ውሃ በጀሪካን የሚገዛ ነዋሪ ግን ዛሬም አለባት። ፓኬቱ ለዚህ መልስ አይሆንም።

አበጣጠሉም ላይ ስህተት ይበዛል። የ1 ሊትሩ ፓኬት በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከተበጠበጠ ወይም «እንዲጣፍጠው» ስኳር ከተጨመረበት፣ ይወፍርና ውሃውን መልሶ ወደ አንጀት ይስባል። ሚሪንዳም እንደዚያው። የተፈላና የቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ፣ ማለትም ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ ለአንድ ፓኬት፤ በማንኪያ ቶሎ ቶሎ፤ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋል። መጠጣት ያቃተው፣ የፈዘዘ ልጅ ከሆነ ግን እናትየው ልክ ናት፦ ፈሳሹ በደም ሥር፣ አሁኑኑ።